ቢራውን ልገልብጠው ወይስ ባለበት ልተወው?

ባለፈው እትም ቤት ውስጥ ቢራ ስለመጥመቅ ትንሽ ጫር ጫር አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ኤል ቢራ (ሞቅ ባለ ቦታ ቶሎ የሚፈላው ዓይነት) ፈልቶ በረድ ሲል ወደ ሌላ ዕቃ ይገልበጥ ወይስ አይገልበጥ? ጠማቂዎቹ ሰከንደሪ የሚሉት ነገር ማለት ነው። የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ብቻ ሰጥቼዋለሁ። የጠጅ ጥያቄ የላካችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ሰላም ነው? ባለቤቴ ለልደቴ የቢራ መጥመቂያ ኪት ገዛችልኝ። የመጀመሪያዬ ነው፣ ፔል ኤል። አብሮት የመጣው ወረቀት "በሰባተኛው ቀን ከፕላስቲኩ ባልዲ ወደ መስታወት ካርቦይ ገልብጠው፣ እዚያ ሁለት ሳምንት ይቆይ" ይላል። ሥራ ቦታ ያለ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ "እንዳትነካው!" አለኝ። ካርቦዩን፣ ትልቁን አንገተ ጠባብ ጠርሙስ ማለቴ ነው፣ ገና አልገዛሁም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ጓደኛህን ስማ። ካርቦዩንም አትግዛ። ሃይድሮሜትር (በቢራው ውስጥ የቀረውን ስኳር የሚለካ መሣሪያ) ከሌለህ በገንዘቡ እሱን ግዛ፣ ከተረፈህ ደግሞ ለቀጣዩ ቢራ ጥሩ እርሾ ያዝበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤል እርሾ ሙቀት ስለሚወድ ሥራውን በፍጥነት ነው የሚሠራው። ከስኳሩ አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ቀናት ይጨርሳል። በሰባተኛው ቀን የምትገለብጠው ቢራ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው መፍላት ያለፈለት ነው። አዲሱ ዕቃ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ነገር ቢኖር መቀመጥና መጥራት ነው። ለመጥራት ደግሞ ዕቃ መቀየር አያስፈልገውም፣ እርሾው ባልዲም ውስጥ ሆነ መስታወት ውስጥ በራሱ ክብደት ነው ወደ ታች የሚወርደው።

ታዲያ ወረቀቱ ለምን እንዲህ ይላል? ታሪክ አለው። አሜሪካ ውስጥ ቢራን ቤት መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። በዚያን ዘመን ጀማሪ የሚያገኘው እርሾ በብቅል ጭማቂ ቆርቆሮ ክዳን ሥር የተለጠፈች ትንሽ ፓኬት ነበረች። መደርደሪያ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየች የሚያውቅ የለም። ከዚያ ላይ አንድ ስጋት ነበር፦ ከታች የተኛ እርሾ ይሞታል፣ ሲሞት ሰውነቱ ይፈርሳል፣ ሲፈርስ ቢራው የሥጋ መረቅና የተቃጠለ ጎማ ዓይነት ጣዕም ያመጣል። ይህ ውሸት አይደለም። ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚፈሩት ነገር ነው። የእነሱ ታንክ ቁመቱ ብዙ ሜትር ነው፣ እርሾው ከታች ሾጣጣው ውስጥ ተጠቅጥቆ ይከማቻል፣ በላዩ የቢራው ክብደት ይጫነዋል፣ መሐሉም ይግላል። በዚህ ላይ ከቆየ መሞቱ አይቀርም።

ያንተ ባልዲ ግን ሌላ ነገር ነው። ቢራው ከፍ ቢል ጉልበትህ ጋር ይደርሳል። እርሾው ከታች በሰፊው ተነጥፏል፣ የሚጫነውም የሚያፍነውም የለም። ዛሬ የምትገዛው እርሾም ያኔ ከነበረው የተሻለ ነው። ሦስት ሳምንት፣ አራት ሳምንት እዚያው ቢቀመጥ ምንም አይልህም። ብዙ ልምድ ያላቸው ጠማቂዎች ለተራ ኤል ይህን ምክር ከተዉት ቆይተዋል። የኪት ወረቀት ግን እንደ ድሮው መታተሙን ቀጥሏል። ደግሞስ ካርቦይ የሚሸጥ ሱቅ ካርቦይ አያስፈልግህም ብሎ እንዲጽፍልህ ትጠብቃለህ እንዴ?

"ባይጠቅምም አይጎዳም" የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ይጎዳል። ዋናው ጠንቅ ኦክስጅን ነው። ቱቦውን ከባልዲው ወደ ካርቦዩ ስትዘረጋና ቢራው መውረድ ሲጀምር ልብ ብለህ እየው። የመጀመሪያው ብርጭቆ ያህል ደረቅ ግድግዳ ላይ ይፈጠፈጣል፣ አረፋ ያወጣል፣ ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ከላላ ደግሞ ትንንሽ የአየር ፊኛዎች ከቢራው ጋር ተሰልፈው ሲሄዱ ታያለህ። ካርቦዩ ራሱ አስቀድሞ በአየር የተሞላ ነው። መጀመሪያ ባልዲው ውስጥ ሳለ እርሾው ያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩን እየገፋ በኤርሎኩ (ክዳኑ ላይ ባለችው፣ ጋዝ አስወጥታ አየር በማታስገባው ውሃ የያዘች መዝጊያ) አስወጥቶት ነበር። ሁለተኛው ዕቃ ውስጥ ግን መፍላቱ ስላለቀ አየሩን የሚያስወጣ ጉልበት የለም፣ ስለዚህ አንገቱ አካባቢ እንደታቆረ ይቀራል። አንዳንዱ "ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባድ ነው፣ ቢራው ላይ ተኝቶ ይከላከልለታል" ይላል። ጋዝ ከጋዝ ጋር ይደባለቃል፣ ተነባብሮ አይቀመጥም።

ውጤቱን በዚያው ቀን አታየውም። ችግሩም ይኸው ነው፣ ሰዉ ስለማያየው የለም ይላል። መጀመሪያ የሆፕሱ (እንደ ጌሾ ቢራው ላይ የሚገባው ተክል) ሽታ ይደክማል፣ ያ የሎሚና የአበባ መዓዛው። ቀጥሎ ቀለሙ ይጠቁራል። በመጨረሻ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ይመጣል። ሆፕስ የበዛበትና ደመናማ የሆነው አይፒኤ የሚባለው ኤል ከሁሉም ቀድሞ ይበላሻል፣ ወርቃማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ወደ ቡናማ ሊሄድብህ ይችላል።

ሌላም አለ። እርሾ ስኳሩን ሲጨርስ ሥራው አላለቀም። በመፍላቱ መሐል ራሱ ያወጣቸውን አንዳንድ ነገሮች መልሶ ይለቅማል፣ ለምሳሌ የቅቤ ጣዕም የሚሰጠውን ዳይአሴቲልን፣ የጥሬ ፖም ሽታ ያለውን አሴታልዲሃይድን። አንተ ካሌንደር አይተህ በሰባተኛው ቀን ስትገለብጥ ከሠራተኛው አብዛኛውን ታች ትተኸው ትሄዳለህ። የቀረው ጥቂት ነው፣ ጽዳቱ ይጓተታል። አንዳንዴ ደግሞ መፍላቱ ራሱ መንገድ ላይ ይቆማል፣ 1.012 መድረስ የነበረበት ግራቪቲ (ሃይድሮሜትሩ የሚያሳየው፣ ስኳሩ ሲያልቅ የሚወርደው ቁጥር) 1.020 ላይ ቁጭ ይላል። አለቀ ብለህ ስኳር ጨምረህ ስታሽገው እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ ነቅቶ የተረፈውን ሁሉ ይበላል። ያኔ ጠርሙስ ይፈነዳል፣ ቀልድ አይደለም።

ስለ ንጽሕናና ስለ መስታወቱ ብዙ አልልም። እያንዳንዱ ዕቃ ሌላ የሚታጠብ ነገር ነው፣ 19 ሊትር የያዘ መስታወት በእርጥብ እጅ ተሸክሞ ደረጃ መውረድ ደግሞ ለማንም አልመክርም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። እርሾውን ጨምር፣ ቤቱን ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያዝለት፣ ክዳኑን ዝጋና ሁለት ሳምንት ተወው። እየከፈትክ አትይ። ከዚያ በጸዳ ዕቃ ጥቂት ቀድተህ በሃይድሮሜትር ለካ። 1.050 አካባቢ የጀመረ ቢራ ከ1.010 እስከ 1.014 ባለው ውስጥ ቢያርፍ ደህና ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ድገመው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ አልቋል። በኤርሎኩ አረፋ እንዳትታለል። ክዳኑ ትንሽ ካሾለከ ቢራው እየፈላ አረፋ ላታይ ትችላለህ፣ ቤቱ ሲሞቅ ደግሞ ያለቀለት ቢራ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። የለካኸውን ወደ ባልዲው አትመልሰው፣ ጠጣው። ጣዕሙ ብዙ ይነግርሃል።

ካለቀ በኋላ ለ19 ሊትር ከ115 እስከ 130 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልተህ ማሸጊያው ባልዲ ውስጥ አድርገው፣ ቢራውን ከዝቃጩ በላይ ቀስ ብለህ ሳብበት። እዚህም ትንሽ አየር ይገባል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ስኳር ያገኘው እርሾ ጠርሙሱ ውስጥ ከዚያ ኦክስጅን የተወሰነውን ይበላልሃል። ባዶ ካርቦይ ውስጥ እንዲህ ያለ ውለታ የሚውልልህ የለም።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ያለፈውን ጽሑፍህን አንብቤ ግራ ገባኝ። እዚህ አገር "ሪል ኤል" የሚባለው እኮ ሁለተኛ ጊዜ የሚፈላው ቢራ ነው። ካምራ የሚባለው የጠጪዎች ማኅበር ሳይቀር የቆመው ለዚህ ነው። እንግሊዞች በኤል ይታማሉ እንዴ?

መልስ፦ አይታሙም። ግን የምታወራው ስለ ሌላ ነገር ነው፣ ወንድሜ። ካምራ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚሟገትለት ኤል ሕያው እርሾውን እንደያዘ በርሜል ውስጥ ገብቶ ፐብ ይሄዳል። ለመብላት የቀረች ስኳርም አለችው፣ አንዳንዴ ይጨመርለታል። ምድር ቤት ውስጥ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል፣ እዚያ በእርግጥ ይፈላል፣ ጋዙንም የሚያገኘው ከዚያው ነው። የሚቀዳውም ከዚያው በርሜል ነው። ቤት ውስጥ የዚህ ወንድም የሚሆነው ካርቦዩ ሳይሆን ጠርሙስህ ነው፣ ስኳር ጨምረህ ስታሽገው የሚፈላው። እሱን ማንም ተው አላለህም። እኔ የምቃወመው የሚበላ ስኳር የሌለውን ቢራ በከንቱ ከዕቃ ዕቃ ማንከራተቱን ነው።

በነገራችን ላይ የእናንተ አገር በርሜል ቢራ ቶሎ እንዲጠራ ብዙ ጊዜ ከዓሣ ፊኛ የሚሠራ ማጥሪያ ይገባበታል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ልጄ ቢራ ይጠምቃል። እኔ ጎጃም ሳለሁ ጠላ እየጠመቅሁ ነው ያሳደግሁት። በሳምንቱ ባልዲውን ከፍቶ በላስቲክ ቱቦ እየሳበ ወደ ብርጭቆ ዕቃ ይገለብጠዋል። "ተው ልጄ፣ የተከደነ ነገር አይነካካም" ብለው "እማዬ ይሄ ሳይንስ ነው" ይለኛል። ለመሆኑ ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እማማ፣ እርስዎ ነዎት። ሳይንሱም ከእርስዎ ጋር ነው።

የእርስዎ አጠማመቅ እኮ ሲያዩት እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው። ጥንስሱ ላይ እንኩሮ ሲገባ እርሾው አዲስ ምግብ ያገኛል፣ ስለዚህ እንደገና ይፈላል። ድፍድፉ ውሃ ተጨምሮበት ጋኑ ሲከደንና አፉ ሲመረግ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ አየሩን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። በየቀኑ እየከፈተ የሚያይ የለም። ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ጠላው ቶሎ የሚቆመጥጠው ለምን ይመስልዎታል? አልኮሉን ወደ አቼቶ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ፣ ክዳኑ ሲነሣ ያገኙታል። ቢራ ሆፕስ ስላለበትና ዕቃው ስለሚጸዳ እንደ ጠላ ቶሎ ላይቆመጥጥ ይችላል፣ አየር ግን እሱንም በሌላ መንገድ ያበላሸዋል።

ልጅዎ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው፣ ማጽጃው ላይ። እርስዎ ጋኑን በግራዋ አሽተው በወይራ ያጥኑ ነበር፣ እሱ ስታር ሳን ይጠቀማል። ያንን ይቀጥል። ስለ መገልበጡ ግን እንዲህ ይበሉት፦ በሚቀጥለው ጊዜ ከመጀመሪያው ለሁለት ባልዲ ይክፈለው። አንደኛው የእርስዎ ይሁን፣ እስከሚታሸግ ማንም አይንካው። ሌላኛውን እሱ እንደፈለገ ይገልብጥ። ከታሸገ ከሁለት ወር በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ ሳትናገሩ ለጎረቤት አቅምሱ። ከዚያ በኋላ እማዬ ማለቱን ይቀጥላል፣ ሳይንሱን ግን ትንሽ ቀነስ ያደርጋል።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ቢራዬን ባልዲ ውስጥ ትቼ ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ ሄድኩ። ለሁለት ሳምንት ብዬ የወጣሁት ስድስት ሳምንት ቆየሁ፣ ታውቀዋለህ የእኛን ነገር። ልድፋው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። አትድፋው። መጀመሪያ ኤርሎኩን እይ። ውስጡ ያለው ውሃ ደርቆ ከሆነ አየር ሲገባ ከርሟል፣ ያ ከእርሾው በላይ ያሳስበኛል። ካልደረቀና ቤትህ በጣም ሞቃት ካልነበረ ቢራው ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀድተህ አሽትተው፣ ቅመሰው። ኮምጣጤ ወይም የጎማ ሽታ ከሌለው እሸገው። እርሾው ብዙ ስለተኛ ጋዝ እስኪይዝ ከወትሮው ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፣ ያኔ አትደንግጥ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ሰከንደሪ አልጠቀምም ብዬ የመጀመሪያው ቢራዬ ጉሽ ሆኖ ቀረ። እንግዶች "ድፍድፍ ነው እንዴ ያጠጣሽን?" አሉኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እንግዶችሽ ተረበኞች ናቸው። መጀመሪያ ምን ዓይነት ቢራ እንደጠመቅሽ አስቢ። የስንዴ ቢራ ከሆነ ደመናማ መሆኑ ደንብ ነው፣ ሰከንደሪም አያጠራውም።

ካልሆነ ግን መድኃኒቱ ቅዝቃዜና ጊዜ ነው። ግራቪቲው መቆሙን ካረጋገጥሽ በኋላ ባልዲውን እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ። የእናንተ አገር ክረምት ስለሆነ ጋራዥም ያገለግላል፣ ብቻ በረዶ እንዳይሆንብሽ። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ጋዝ ስለሚቀንስ የኤርሎኩን ውሃ ወደ ውስጥ ሊስበው ይችላል፣ ስለዚህ ኤርሎኩን አውጥተሽ ቀዳዳውን በንጹሕ ነገር ድፈኚ። ለቀጣዩ ደግሞ ብቅሉን ስታፈዪ በመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ አይሪሽ ሞስ ጨምሪበት። የባሕር አረም ነው፣ ጾመኛም ሙስሊምም ቬጋንም አያስቸግርም። ጄላቲን ይበልጥ ፈጣን ነው፣ ግን ከእንስሳ ነው የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜም ከአሳማ። እንግዳ የምትጋብዢ ከሆነ ፓኬቱን አንብቢ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ማንጎ ያለበት ኤል መጥመቅ እፈልጋለሁ። እዚህም "አትገልብጥ" ነው የምትለኝ?

መልስ፦ እዚህ ሐሳቤን ቀየር አደርጋለሁ። ሁለተኛ ዕቃ ሥራ የሚያገኝባቸው ቦታዎች አሉ። ፍሬ ስትጨምር አንዱ ነው። ቢራውን እንጨት ላይ ስታስቀምጥ፣ ወይም እንደ ባርሊ ዋይን ያለውን ጠንካራ ኤል ለወራት ስታቆይ ሌላው ነው። ለወራት ከሆነ ግን ዕቃው እስከ አንገቱ ይሙላ፣ አየር ቦታ አያግኝ።

የማንጎው ነገር ጥሩነቱ በእርግጥ መፍላቱ ነው። የፍሬው ስኳር እርሾውን ይቀሰቅሰዋል፣ እርሾው ስትገለብጥ የገባውን ኦክስጅን ከፊሉን ይበላል፣ የሚያወጣው ጋዝም አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። ለ19 ሊትር ከ2 እስከ 4 ኪሎ የተላጠ ማንጎ ይበቃል። ቆራርጠህ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው፣ በረዶው ሥጋውን ስለሚበጣጥሰው ጭማቂው በቀላሉ ይወጣል። ከዚያ ከፈለግህ ወደ 70 ዲግሪ አሙቀህ አቀዝቅዘው። መጀመሪያ ቢራው መጨረሱን በሃይድሮሜትር አረጋግጥ፣ ማንጎውን ባዶው ዕቃ ታች አድርግ፣ ቢራውን በላዩ ቀስ ብለህ ሳብበት። አንድ ሳምንት፣ አሥር ቀን ተወው፣ እንደገና ለካ። የማንጎ ስኳር ሳያልቅ ካሸግህ ጠርሙስ ትሰብራለህ።

እዚህ ላይ ግን ዕቃውን እስከ አንገቱ እንዳትሞላው። ማንጎ ተንሳፋፊ ነው፣ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ይወጣና ጭረቱ ኤርሎኩን ይደፍነዋል። ከተደፈነ ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ክዳኑን ይወረውረዋል፣ ጣሪያው ላይ የተለጠፈ ማንጎ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ቢያንስ አራት ሊትር የሚያህል ክፍት ቦታ ተው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኤርሎኩ ፋንታ ወፍራም ቱቦ ሰክተህ ጫፉን ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ንከረው።